ሁመራ ሲወርድ በስንቅ፣ ሪያድ ስትሄድ በባዶ እጅ!

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው ሥራ ፍለጋ ከቀዬው መውጣት የጀመረው ትናንት አይደለም። ጉና ሥር የተወለደ ጎረምሳ ማሳው ሲጠበው፣ ዝናብ ሲያጥርበት፣ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ስሙ የተለመደው የሴፍቲኔት ስንዴ ከወር ወር አላደርስ ሲለው፣ የሰሊጡን ወቅት ጠብቆ ወደ ቆላ ይወርዳል። ሁመራ፣ አብደራፊ፣ መተማ። አባቱም ወርዷል፣ አጎቱም ወርዷል።

ታዲያ እንዲሁ ብድግ ብሎ አይደለም የሚወርደው። እናት በሶ ታዘጋጃለች፣ ዳቦ ቆሎ ትቋጥራለች። አባት ደግሞ አምና ወርዶ የተመለሰ የሰፈር ሰው ይፈልግና «እስቲ ንገረው» ይለዋል። ያም ቁጭ ብሎ ይነግረዋል። የትኛው ባለ እርሻ ሒሳብ በልኩ ይከፍላል፣ የትኛው ሥራው ሲያልቅ ሰበብ ይፈልጋል፣ ሥራው በቀን ነው ወይስ በሂላ፣ ወባ የሚበረታው መቼ ነው፣ አጎበር ስንት ያወጣል። ካላዛር የምታሲዘው ትንሽ ዝንብ ከዋልካ መሬት ስንጥቅና ከግራር ሥር ስለማትጠፋ «ሌሊት ግራር ሥር አትተኛ» ይለዋል። ይህ ሁሉ ከሚኒስቴር በሰርኩላር የመጣ አይደለም። የአገሬው ሰው ራሱ ታሞ፣ ሞቶ፣ ተበልቶ የተማረው ነው። ጎረምሳውም ብቻውን አይሄድም፤ ቢታመም የሚሸከሙት፣ ቢሞት ለእናቱ የሚናገሩ አምስት ስድስት ባልንጀሮች አሉት።

ከዚህም የቆየ አለ። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም ያለችው ጋይንት ውስጥ ነው። ድጓን ከየትም ደብር ይማሩት፣ ቤተልሔም ሄደው መምህሩ ፊት ተቀምጠው ሳያስመሰክሩ «የድጓ መምህር ነኝ» ብሎ ደረት መንፋት የለም። ማስመስከር ማለት ወረቀት መግዛት አይደለም። ያወቀው ያላወቀውን ይፈትነዋል፤ ካልበቃ «ገና ነህ» ብሎ ይመልሰዋል። እንግዲህ ዛሬ በየቢሮው «የብቃት ማረጋገጫ» እያሉ እንደ አዲስ ግኝት የሚያወሩልን ነገር፣ ለጋይንት ሰው የአያት የቅድመ አያቱ ነገር ነው።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ዕውቀት ያለው አገር ልጁን ወደ ሪያድ ሲሸኝ ምን ይሰጣታል?

መንገዱ ክፍት በነበረ ሰሞን ይህን የሚጽፈው ሰው ነፋስ መውጫ መናኸሪያ ከአንድ የታች ጋይንት ገበሬና ከልጃቸው ጋር ለሰዓታት አውቶቡስ ጠብቆ ነበር። ልጅቱ 20 ዓመት ቢሆናት ነው። አዲስ የፕላስቲክ ጫማ አድርጋለች፣ አንዲት ትንሽ ቦርሳ ይዛለች።

«ወዴት ነው እህቴ?»

«አረብ አገር።»

«የትኛው አረብ አገር?»

ዞር ብላ አባቷን አየች። አባትየውም፣ «ወንድም ዓለም፣ አረብ አገር አረብ አገር ነው እንጂ። ደግሞ ስንት አረብ አገር አለ?» አሉኝ።

ውሉን ጠየቅኋት። «ኤጀንሲው ጋ ነው ጋሼ፣ ቦሌ ስትደርሺ እንሰጥሻለን ብለውኛል» አለች። የብቃት ማረጋገጫ ወረቀቷን ግን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችኝ፤ ማኅተሙ ያምራል። ስንት ቀን እንደሠለጠነች ብጠይቃት ሳቅ አለችና «ፎቶ የተነሣሁበትን ቀን ጨምሮ ሁለት» አለችኝ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን አይታ ታውቃለች? በቴሌቪዥን። አረብኛስ? «እዚያ ስሄድ እለምደዋለሁ።» አባት አንድ በሬ ሸጠዋል፤ የጎደለውን በወለድ ተበድረዋል። ለምን ለምን እንደከፈሉ ስጠይቃቸው «ለቪዛው ነው አሉኝ፣ ለአውሮፕላኑም» አሉ።

አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ይበል። ለቪዛና ለአውሮፕላን የተሸጠው በሬ ሕጉን ለሚያውቅ ሰው መሸጥ ያልነበረበት በሬ ነው!

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ማን ምን እንደሚከፍል ለይቶ አስቀምጧል። የመግቢያ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የመድን ሽፋኑን የሚከፍለው አሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው ለፓስፖርቷ፣ ለሕክምና ምርመራዋ፣ ለክትባቷ፣ ለልደት ማስረጃዋ፣ ለብቃት ምዘናዋና ለመሳሰሉት ነው። ሌላም አለ። ኤጀንሲው ውሉ ቢጣስ ከአሠሪው ጋር በአንድነትም በነጠላም ተጠያቂ ነው፤ ለዚህም በዝግ ሒሳብ የዋስትና ገንዘብ ያስይዛል። ኢትዮጵያ ስምምነት ወዳልፈረመችበት አገር ሠራተኛ መላክም ክልክል ነው። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሻለ፣ ዋናው ሐሳብ ግን አለ።

ይህ ሕግ ለታች ጋይንቱ ገበሬ ማን ነገራቸው? የቀበሌ ካድሬ ለስብሰባ ሲጠራቸው ስንት ጊዜ ሄደዋል! ስለ ማዳበሪያ ዕዳ፣ ስለ መዋጮ፣ ስለ ሰላምና ልማት ተነግሯቸዋል። «የልጅዎን ቪዛ አይክፈሉ» ያላቸው ግን የለም። ለመናገር አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ያቺ አንድ ደቂቃ ለእርሳቸው አንድ በሬ ነበረች።

«ስንት አረብ አገር አለ?» ያሉትም መልስ ይገባዋል። የዋህ ጥያቄ ነው ብለን ልናልፈው አይገባም፤ ሞትና ሕይወት ያለበት ጥያቄ ነውና። አረብ አገሮች አንድ አይደሉም። ኩዌት በ2015 እ.ኤ.አ. ለቤት ሠራተኞች ራሱን የቻለ ሕግ አውጥታለች። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት፣ በቀን ከ12 ሰዓት ያልበለጠ ሥራ፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ፣ ውሉ ሲያልቅ ለሠራችበት ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ይላል። ሊባኖስ ደግሞ በ1946 እ.ኤ.አ. የወጣው የሠራተኛ ሕጓ የቤት ሠራተኛን ከነአካቴው ከሕጉ ውጭ አድርጓታል። ዓለም ደቻሳን የማያስታውስ የለም፤ በየካቲት 2004 ዓ.ም. ቤይሩት ውስጥ የገዛ አገሯ ቆንስላ ደጃፍ ላይ እየተጎተተች መኪና ውስጥ ስትገባ ዓለም በቪዲዮ አያት። በቀጣዩ ወር ሕይወቷ አለፈ። ያን ጊዜ ሁሉም አለቀሰ፤ ሕጉ ግን እስከ ዛሬ የሚነገረው ለጠበቃና ለጋዜጠኛ ነው።

ሳውዲም የራሷ ሥርዓት አላት። የቤት ሠራተኛ ውል ሙሳነድ በሚባለው የመንግሥት መድረክ ላይ ይመዘገባል። ከ2024 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ ለአዲስ ውሎች፣ ቀስ በቀስም ለነባሮቹ፣ ደመወዝ በእጅ ሳይሆን በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ቦርሳ እንዲከፈል ተደንግጓል። ፓስፖርት መንጠቅ ክልክል ነው፤ የሳምንት ዕረፍትም አላት። በእርግጥ በወረቀት ያለ መብት ሁሉ በእመቤቲቱ ወጥ ቤት ውስጥ ይገኛል ማለታችን አይደለም። ከፋላ የሚሉት ሥርዓት አሁንም ሠራተኛዋን ከአንድ አሠሪ ጋር አስሮ ይይዛታል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ሳውዲ ያደረገችው ማሻሻያም የቤት ሠራተኞችን አልነካም። ነገር ግን መብት እንዳላት የማታውቅ ሴት መብቷ ሲነጠቅ እንኳ አታውቅም። ሦስት ወር ደመወዝ ሳይከፈላት «የአገሩ ደንብ ይሆናል» ብላ ዝም ያለች ስንት አለች!

ወደ መንግሥት እንምጣ። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የዚያ ዘመን ሹማምንት ወደ አረብ አገር የሚደረገውን የሥራ ጉዞ ጭራሹን አገዱት። በወሩ ሳውዲ ወረቀት የሌላቸውን ማባረር ጀመረችና በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ቦሌ ላይ ተራገፉ። እገዳው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው። ከአራት ዓመት በላይ በሩ ተዘግቶ ሲቆይ ጉዞው ቆመ? ማን ቆሞ! ሕጋዊው በር ሲዘጋ ደላላው ራሱ በር ሆነ።

ያኛው መንግሥት ሄደ፣ ይኸኛው መጣ። ይኸኛው ደግሞ በተቃራኒው ነው የመጣብን። በ2015 ዓ.ም. እስከ 500 ሺህ ሴቶችን ለቤት ሥራ ወደ ሳውዲ እንልካለን ተባለ። ከአማራ ክልል ብቻ 150 ሺህ፣ ዕድሜ ከ18 እስከ 40፣ ደመወዝ በወር 1,000 ሪያል፣ «ኑ ተመዝገቡ» ተባለ። ትናንት መሄድ ወንጀል፣ ዛሬ መሄድ ኮታ! እንደ ማዳበሪያ፣ እንደ ሚሊሺያ ምልመላ ሰው በኮታ ለወረዳ ሲከፋፈል አየን። ሥልጠናውስ? አሠልጣኙስ? አረብኛ የሚያስተምረው ማን ነው? 150 ሺህ ሴት በምን ያህል ምድጃ፣ በስንት ማጠቢያ ማሽን፣ በስንት ክፍል ነው የምትሠለጥነው? ይህን የጠየቀ «ልማት አይወድም» ይባላል።

ነገሩ ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይወሰን ተብሎ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ በእጥፍ ጨመረ። አንድ ዶላር 3.75 ሪያል ስለሆነ 1,000 ሪያል ወደ 267 ዶላር ይመጣል። በፊት 15 ሺህ ብር ገደማ የነበረው ያው ደመወዝ፣ ልጅቱ አንድ ሳህን ጨምራ ሳታጥብ፣ ከ30 ሺህ ብር በላይ ሆነ። እንዲህ ሲሆን መምህሩም ጠመኔውን አስቀምጦ ያሰላል። እስቴ ውስጥ በዲፕሎማ ያስተማረች ሴት ዲፕሎማዋን ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ለቤት ሥራ ብትመዘገብ ምን ይፈረድባታል?

«ታዲያ አይሂዱ ነው የምትሉት?» የሚለን አለ። በጭራሽ! ይህን ለማለት አፍ የለንም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደረሰ። በዚያች ከተማ 16 ሴቶች በሕወሓት ተዋጊዎች የደረሰባቸውን ለአምነስቲ ኢንተርናሽናል ተናግረዋል፤ የድርጅቱ ሪፖርት በ2014 ዓ.ም. ወጥቷል። ቁስሉ ሳይጠግግ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ክልሉ በሌላ ጦርነት ተያዘ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ጥይት ደጃፍ ደረሰ። እንዲህ ካለ ቀዬ ልትወጣ የተነሣችን ልጅ «አገርሽን ውደጂ» ብሎ መምከር ሆድ የሞላው ሰው ቀልድ ነው። ትሂድ። ጥያቄያችን ምን ይዛ ትሂድ የሚለው ነው።

ሕጋዊውን መንገድ ካላቀናንላት ሌላ መንገድ መኖሩንም እንዳንረሳ። ነፋስ መውጫ የቆመችው ከወረታ ወልድያ በሚዘልቀው፣ ሕዝቡ የቻይና መንገድ በሚለው ጎዳና ላይ ነው። በምዕራቡ ጫፍ ወረታ ደርሰሽ ወደ ጎንደር ብትታጠፊ መተማና ሱዳን አለ፤ ካርቱም በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በጦርነት ነደደች። በምሥራቁ ጫፍ ወልድያ፣ ከዚያ አፋር፣ ጅቡቲ፣ ኦቦክ፣ ባሕር። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ከ150 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን፣ የጫነች ጀልባ የመን አቢያን ጠረፍ ላይ ተገልብጣ ብዙዎቹ አለቁ። ባሕሩን ያለፈውም አላለፈለትም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ የሳውዲ ድንበር ጠባቂዎች ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በየመን ድንበር ላይ እንደገደሉ ጽፏል። ሳውዲ አልተቀበለችውም። ሕጋዊው ወረፋ በጉቦና በቀጠሮ ሲንዛዛ ልጆቹ ወደዚህ ነው የሚጎርፉት።

እስቲ ሌላ አገር እንይ። ፊሊፒንስም ድሃ ነበረች፣ ዜጎቿን ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ውጭ ትልካለች። ሲልኩ ግን ያሠለጥናሉ። የቤት ሥራ ሠልጣኝ ከ200 ሰዓት በላይ የሚወስድ ትምህርት አላት፤ ስለምትሄድበት አገር የሚነገርበት የቅድመ ጉዞ ገለጻም ግዴታ ነው። ከ2006 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ «የቤት ሠራተኛችን ከ400 ዶላር በታች አትቀጠርም» ብለው ወለል አበጁ። አሠሪዎቹ «እናንተን እንተዋለን» ብለው አስፈራሩ፤ አልተዉም። በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ኩዌት ውስጥ የአንዲት ፊሊፒናዊት አስከሬን ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገኝ መንግሥታቸው ሠራተኛ መላክ አቆመ። ከወራት በኋላ ፓስፖርቷ እንዳይያዝ፣ ስልኳም እንዳይቀማ የሚል ስምምነት አስፈርሞ ነው የቀጠለው። አቁመው ዝም አላሉም፤ አቁመው ተደራደሩ። የኛዎቹ ሲያቆሙ አራት ዓመት አቆሙ፣ ሲልኩ በ267 ዶላር ላኩ።

ሒሳቡን ለሚወድ ሰው እነሆ። በ400ና በ267 መካከል 133 ዶላር አለ። በሁለት ዓመት ውል ለአንዲት ሴት ከ3,000 ዶላር በላይ ነው። በ150 ሺህ ሴት ስታባዙት በወር 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይሆናል። ዶላር ናፈቀን የሚል መንግሥት ዶላሩን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ተነሣ ማለት ነው። ደህና ደመወዝ ለመጠየቅ ግን በእጅ ላይ የሠለጠነ ሰው መኖር አለበት። ድንኳን ያልያዘ ነጋዴ ዋጋ አይቆርጥም።

ነገሩ የቤት ሠራተኛ ብቻም አይደለም። ነርሷን ውሰዱ። ሳውዲ ውስጥ በነርስነት ለመሥራት የትምህርት ማስረጃዋ እስከ ተማረችበት ተቋም ድረስ ተጣርቶ፣ ዳታፍሎው በሚባለው አሠራር አልፎ፣ የሙያ ፈቃድ ፈተናውን በፕሮሜትሪክ ተፈትና ማለፍ አለባት። ፈተናው በእንግሊዝኛ በኮምፒዩተር ነው። ይህን ያወቀች በሙያዋ ትሄዳለች። ያላወቀች፣ ያው ነርስ፣ በደላላ እጅ ገብታ የሰው ሽንት ቤት ልታጥብ ትሄዳለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የወሬ ልዩነት ነው፤ አንዷ ሰማች፣ አንዷ አልሰማችም። ለመሆኑ ደብረ ታቦር ላይ ይህን የሚያስረዳ አንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥ ስንት ያስወጣል?

ስለዚህ ሰማይ አልጠየቅንም። በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ፣ በመካነ ኢየሱስ አንዳንድ ቤት ይከፈት። ምድጃ፣ የኤሌክትሪክ መጥረጊያ፣ ማጠቢያ ማሽን፣ አንድ አልጋ ይግባበት። አሠልጣኞቹ ደግሞ ከአዲስ አበባ አበል እየበሉ የሚመጡ ባለ ስላይዶች አይሁኑ። ጋይንት ውስጥ፣ ስማዳ ውስጥ፣ እስቴ ውስጥ አምስት ዓመት፣ ስምንት ዓመት ሪያድና ቤይሩት ሠርተው የተመለሱ ሴቶች አሉ። ዛሬ ጠላ እየሸጡ፣ ሻይ እያፈሉ ነው የሚኖሩት። አረብኛውን ያውቁታል፣ የእመቤቲቱን ጠባይ ያውቁታል፣ ደመወዝ እንዴት እንደሚበላ በራሳቸው ላይ አይተውታል። እነሱ ያስተምሩ፣ እነሱም ይፈትኑ። ያልበቃችውን «ገና ነሽ፣ ሁለት ወር ጨምሪ» ማለት የሚችሉት እነሱ ናቸው። ቤተልሔምም የሚያስመሰክረው ያለፈበት ሰው ነው እንጂ ማኅተም የያዘ ሁሉ አይደለም።

ምን ያስተምሩ? ውሉን በአማርኛ አንብባ፣ ቅጂውን ከመሄዷ በፊት እጇ ታስገባ እንጂ ቦሌ ላይ በጥድፊያ አይወርወርላት። የፓስፖርቷን ቁጥርና የአሠሪዋን አድራሻ እናቷ ጋ ትታ ትሂድ። በራሷ ስም የባንክ ደብተር ታውጣ። ይህን የምንለው ምክንያት አለን፤ በወንድም ስም፣ በአባት ስም እየላኩ ሲመለሱ ባዶ ቤት የጠበቃቸው ብዙ ናቸው። ቤተሰብም ሥልጠና ያስፈልገዋል፤ ልጅ በላብ የላከችው ብር ለድግስና ለዘመድ ዕዳ ሲበተን ደላላው ብቻውን አይደለም ሌባው። የኤምባሲውን ስልክ በቃሏ ትያዝ፣ ስልኳ ሊቀማ ይችላልና። አረብኛው ቢያንስ የሆዷን የሚያናግር ይሁን።

ኤጀንሲዎቹ «ሥልጠና ያጓትትብናል» ይላሉ። ያጓትት! ሰሊጥ አጫጅ እንኳ ስንቁ እስኪደርቅ ይቆያል።

ወደ መናኸሪያው ልመለስ። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ሲነፋ አባትየው ተነሥተው ልጃቸውን ሁለት ጊዜ ሳሟትና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ልጅቱ ወደ እኔ ዞረችና «ጋሼ፣ አረብኛ የሚያውቁት ካለ ጻፉልኝ» አለች። የማውቀው ከአንዲት ተመላሽ ጎረቤቴ የለቃቀምኩትን ብቻ ነው። በሲጋራ ካርቶን ጀርባ በፊደላችን ጻፍኩላት። ራቲቢ፣ ደመወዜ። ጀዋዚ፣ ፓስፖርቴ። አነ መሪዳ፣ አሞኛል። ሙስተሽፋ፣ ሆስፒታል። ሰፋራ፣ ኤምባሲ።

የአውቶቡሱን ደረጃ እየወጣች ጮክ ብላ አነበበችው። በመስኮቱ ብቅ ብላ ደግሞ፣ «ጋሼ፣ የመጨረሻው ሰፋራ ነው ሱፋራ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሰፋራ» አልኋት። ረዳቱ በሩን ዘጋው።